አሰልጣኝ ማርላና የመሀሉ መስመር

ማርላ ቬንስትራ በቬልድዋይክ ኮሌጅ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን አሰልጣኝ ሆና ከአሥር ዓመት በላይ ኖራለች። ሥራዋ ግን ማሰልጠን ብቻ አልነበረም። የመጀመሪያ እርዳታ ታስተምራለች፣ የቦውሊንግ ጨዋታ ታስተምራለች፣ ቡድኑ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ አውቶቡሱን ትነዳለች፤ አውቶቡሱ በረዶ ውስጥ ሲቀረቀርም ከኋላ የምትገፋው እሷው ናት። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ዶክተር ሌስተር ቫንደርፕሉግ ይህን ሁሉ «የትንሽ ኮሌጅ በረከት» ይሉታል። በረከቱ እሳቸው ቢሮ ድረስ ዘልቆ አያውቅም።

ማርላ በወጣትነቷ እየተከፈላት የተጫወተች ሴት ናት። በሰባዎቹ መጨረሻ ላይ የሴቶች ሊግ ተቋቁሞ፣ ሦስት ዓመት ኖሮ ሞተ፤ ማርላ ሦስቱንም ዓመት ተጫውታለች፣ በቀብሩም ላይ ተገኝታለች። የቡድኑ ባለቤት ተጫዋቾቹ ሴት ሴት እንዲሸቱ ብሎ የኩል አጠቃቀምና የአቀማመጥ ትምህርት ቤት አስገብቷቸው ነበር። ኩሉን ወዲያው ረሳችው። አቀማመጡ ግን አልለቀቃትም፤ እስከ ዛሬ በአሰልጣኝ ወንበር ላይ ሆና ዳኛውን በስድብ ስታጥበው እንኳ ጉልበቶቿ እንደ መነኩሲት ተገጣጥመው ይታያሉ።

ያደገችው እንደ አዮዋ ክፍለ ሀገር ልጃገረድ ሁሉ ስድስት ለስድስት እየተጫወተች ነው። በዚያ ጨዋታ ሜዳው በመሀል መስመር ለሁለት ይከፈላል። ሦስት አጥቂዎች በአንደኛው ወገን ሆነው ያገባሉ፣ ሦስት ተከላካዮች በሌላው ወገን ሆነው ይከላከላሉ፤ መስመሩን መሻገር ለማንም አይፈቀድም። ተከላካይ ኳስ ከነጠቀች እስከ መስመሩ አድርሳ ማዶ ላለችው አጥቂ ታቀብላለች፤ በቃ፣ የእሷ ነገር እዚያ ላይ አለቀ። ተከላካይ ሆና ያደገች ልጅ በጨዋታ ላይ አንዲት ኳስ ወደ ቅርጫት ሳትወረውር ትምህርቷን ጨርሳ ትዳር ትይዛለች። ሕጉን ያወጡት፣ ሴት ልጅ ሙሉውን ሜዳ ከሮጠች ትታመማለች ብለው የሠጉ ጌቶች ናቸው ይባላል። እነዚያው ልጆች ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው አንድ በረት ሙሉ ላም አልበው ወደ ጨዋታው ይመጡ ነበር፤ ስለዚያ የሠጋ ጌታ አልተሰማም።

ማርላም ተከላካይ ነበረች። አምስት ለአምስት በሚጫወቱበትና መስመሩን መሻገር በሚፈቀድበት ሊግ ውስጥ፣ በመጀመሪያው ጨዋታዋ ኳስ ነጥቃ፣ ፊቷ ማንም ሳይኖር እየገሰገሰች ሄዳ፣ ልክ መሀል መስመሩ ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች። በርናዲን የምትባል ከፊላደልፊያ የመጣች ግዙፍ ጓደኛዋ፣ «ምነው ማርላ፣ እባብ አየሽ እንዴ?» አለቻትና በዳሌዋ ገፍትራ አሻገረቻት። ማርላ ይህን ታሪክ በየቤተ ክርስቲያኑ ራት ላይ ታወራዋለች፤ ሰዉም በሰማው ቁጥር ይስቃል። ከሚስቁት ሴቶች ግማሾቹ ያንን መስመር በሕልማቸው እንኳ ተሻግረውት አያውቁም።

ስድስት ለስድስት የቀረው በ1993 እ.ኤ.አ. የጸደይ ወራት ነው። በዚያው መከር፣ በቆሎው ሲታጨድ፣ ጆሊን ዊርስማ ወደ ቬልድዋይክ ኮሌጅ መጣች። ጆሊን የወተት ከብት አርቢ ልጅ ናት፤ እጆቿ አካፋ ያህላሉ፣ ንግግሯ ቁጥብ ነው። ኳስ የምትነጥቀው ከሰው እጅ ሳይሆን ከሰው ሐሳብ ውስጥ ነው ይሏት ነበር፤ ባላጋራዋ ለማን እንደምታቀብል ገና ስታስብ ኳሷ ጆሊን እጅ ትገባለች። ማርላ መጀመሪያ ያየቻት ዕለት በደስታ አውቶቡሱን ያቆመችበት ቦታ ጠፋት።

ደስታው የቆየው እስከ መሀል መስመሩ ድረስ ነው። ጆሊን ትነጥቃለች፣ ትሮጣለች፣ መስመሩ ላይ ስትደርስ ትቆማለች። ጓደኞቿ ለማጥቃት ሲሻገሩ እሷ እንደ ቤት ዘበኛ ከመስመሩ ወዲህ ቆማ ትጠብቃቸዋለች። አመል ያወጣል ከመሀል ይባላል፤ ጆሊንን ግን አመሏ መሀል ላይ አስቀራት። ባላጋራ ሁሉ ይህን ሲያውቅ እሷን የሚጠብቅ ሰው መመደብ ተወ፤ ቬልድዋይኮች በአራት ሲያጠቁ ሌሎቹ በአምስት ይከላከሏቸው ጀመር። ማርላ ልጅቷን እንዳታስወጣት፣ ጆሊን በሌለችበት ሜዳ ባላጋራ እንደ ቤቱ ገብቶ ይወጣል። እንዳታቆያት፣ ማግባት አይቻልም። ቡድኑም ተሸነፈ፤ አሁንም ተሸነፈ።

ጥር ላይ ዶክተር ቫንደርፕሉግ አስጠሯት። እሳቸው ቅርጫት ኳስን ከጩኸት ለይተው አያውቁትም፤ የኦርተንን ስም ግን ያውቁታል፤ ኦርተን በመንገዱ ማዶ ያለው ተፎካካሪ ኮሌጅ ነው። የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ከኦርተን ጋር መሆኑን፣ የቀድሞ ተማሪዎች በኦርተን መሸነፍ እንደ ታከታቸው፣ ዘንድሮም ከተሸነፈች ቡድኑን ለወንዶቹ ምክትል አሰልጣኝ ለብሬንት እንደሚሰጡት በትሕትና ነገሯት። የብሬንት ሙሉ የሥራ ልምድ ነጭ ሰሌዳ ይዞ መቆም ነበር። ለማርላ ቦውሊንጉና የመጀመሪያ እርዳታው ይቀሩላታል አሏት። ከቢሮው ስትወጣ የመጀመሪያ እርዳታው ለራሷ ሳያስፈልጋት አልቀረም።

ከዚያ ወዲያ ማርላ ያልሞከረችው የለም። መስመሩን በወለሉ ቀለም ዓይነት ፕላስተር ሸፈነችው፤ ጆሊን እየሮጠች መጥታ ልክ የድሮው ቦታ ላይ ቆመች፤ ዓይኗ ቢታለል እግሯ አልተታለለም። በርናዲን እንዳደረገቻት በዳሌዋ ልትገፋት ሞከረች፤ ጆሊን የተተከለች ምሰሶ ናትና ማርላ ሳምንቱን ሙሉ ወገቧን በሙቅ ውኃ ስታሽ ከረመች። በመጨረሻ የኮሌጁን ወጥ ቤት ለምና ቺሊውን ከነቀረፋ ዳቦው ከመስመሩ ማዶ ጠረጴዛ ላይ አስደረደረች፤ የቦሎቄና የሥጋ ወጥ ከጣፋጭ ቀረፋ ዳቦ ጋር ሲቀርብለት እምቢ የሚል የአዮዋ ልጅ አልተወለደም። ጆሊን በዝግታ ተሻገረች፣ ሳህኗን ሞላች፣ ዳቦውን በላዩ ጫነች፣ ከዚያ ተመልሳ ከመስመሩ ወዲህ ተቀምጣ በላች። አመሰግናለሁም አለች።

ማርላ ያን ዕለት ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጆሊን ዳቦዋን ስታጠቅስ እያየች የራሷ አባት ላሞች ትዝ አሏት። አባቷ አንድ ጊዜ በግጦሹ መሀል ያለውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ነቅለው ጣሉት። ማዶ ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። ላሞቹ ግን ሽቦው የነበረበት ቦታ ድረስ ይመጡና አንገታቸውን ዘርግተው ይቆማሉ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባላል፤ የእሳቸው ላሞች ሣሩን ትተው የሌለውን ገደል ያዩ ነበር። አባቷ ገፉ፣ ተሳደቡ፣ በባልዲ እህል አሳዩ፤ ለቡራኬ የመጡት ቄስ እንኳ ከስድቡ የተነሣ ጸሎቱን አሳጥረው ሄዱ። ኋላ አንዷን አሮጊት ላም በመንገድ አዙረው ማዶ አቆሟት። አሮጊቷ ሣሩን መጋጥ ስትጀምር የቀሩት ቀና ብለው አዩዋት፤ ከዚያም አንድ በአንድ ተሻገሩ።

«ጆሊን፣» አለቻት ማርላ፣ «እዚያ ማዶ ምን አለ?»

ጆሊን አላመጠች፤ ዋጠች። «ምንም የለም ኮች። የኔ ሰው የለም።»

ማርላ ወዲያው ገባት። በእኛ አገር የተከላካይ ዘመዶች ልጃቸው በምትከላከልበት በኩል ይቀመጣሉ፣ የአጥቂ ዘመዶች ደግሞ በማዶው። በእረፍት ሰዓት ቡድኖቹ ቅርጫት ሲለዋወጡ፣ አዳራሹ በሙሉ ትራሱንና የቡና ፔርሙሱን ይዞ ይነሣና እንደ ሁለት የእረኛ መንጋ እየተላለፈ ቦታ ይለዋወጣል። ጨዋታው አምስት ለአምስት ሆኖ፣ ሁሉም ልጅ በሁሉም ሜዳ የሚሮጥበት ዘመን መጥቶም ሽማግሌዎቹ ይህን አልተዉትም። ጨዋታ የሚመጣላት የጆሊን ሰው ደግሞ አንዲት ናቸው፤ ያሳደጓት የአባቷ አክስት፣ ወይዘሮ ዶሪስ ዊርስማ። ወይዘሮ ዶሪስ ራሳቸው ተከላካይ ነበሩ። ሁልጊዜ በመከላከያው በኩል ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይቀመጣሉ፣ ጭናቸው ላይም ትልቅ የላም ቃጭል ያስቀምጣሉ። ባላጋራ ኳስ ሲነጠቅ ቃጭሉ ይጮኻል። ቬልድዋይክ ሲያገባ ወይዘሮ ዶሪስ ትራሳቸውን ያስተካክላሉ።

ማርላ በማግሥቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ወረደች። ሴቶቹ ለቀብር ምሳ የአሳማ ሥጋ እየከተፉ ዳቦ ውስጥ ይጨምራሉ። ወይዘሮ ዶሪስ ቀና ሳይሉ ቢላዋ አቀበሏት፤ እጁን አጣጥፎ የሚያወራ ሰው እንደማይወዱ ነገሯት። ማርላ እየከተፈች ጉዳይዋን አስረዳች፤ ላሞቹን ግን አላነሣችም፤ አሮጊቷ ላም ማን እንደሆኑ ለመናገር ድፍረቱ አልነበራትም።

«ስለዚህ ከኦርተን ጋር በምንጫወት ዕለት በማጥቂያው በኩል ቢቀመጡልኝ ብዬ ነው፣ እትዬ ዶሪስ።»

«ከአጥቂ ዘመዶች ጋር?»

«ለአንድ ቀን ብቻ።»

«የፀጉራቸው ስፕሬይ ያስነጥሰኛል። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የአጥቂ ወንድም ነበር። በአንድ መኪና እንመጣለን፣ እሱ እዚያ፣ እኔ እዚህ። አርባ ዓመት እንዲህ ኖርን፤ ያልተፋታነውም በዚያ ነው። ዛሬ አንቺ ብለሽኝ ልሻገር?»

ማርላ ሥጋውን ብቻ ከተፈች። ወይዘሮ ዶሪስም ቢላዋውን አስቀምጠው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ።

«የዓለም ጦርነቱ ባለቀ በዓመቱ ለክፍለ ሀገሩ ዋንጫ ደርሰን ነበር። በመጨረሻው ሰዓት ኳሱን ነጠቅኩ። መስመሩ ላይ ስደርስ አጥቂያችን ተንሸራትታ ወደቀች፤ ሌሎቹ ሁሉ እሷ ላይ ተነባበሩ። ቅርጫቱ ባዶውን ቆሟል። ኳሱ እጄ ላይ ነው።»

«እና?»

«እናማ ቆምኩ። ሕጉ ነዋ። በአንድ ነጥብ ተሸነፍን። አባቴ፣ ደግ አደረግሽ፣ ሕግ አከበርሽ አለኝ። ያን ለት ላም ሳልብ አንዷን በእርግጫ አልኳት። ምን አድርጋኝ ነበር፣ ምስኪን?» ቢላዋውን አነሡ። «አልቀመጥም ማርላ። ስሱ ስሱን ክተፊ፣ የሞተው ሰው ዘመዶች ጥርስ የላቸውም።»

ማርላ ወደ ቤቷ ስትመለስ የብሬንት ነጭ ሰሌዳ ከፊቷ አልጠፋ አላት። ሠላሳ ዓመት ኳስ ይዛ ኖራ ለአንድ ሰሌዳ ልትለቅ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ጆሊንን ምንም አላለቻትም። ልምምድ ላይ ብቻ ከቅርጫቱ ሥር አቁማ ታስወረውራት ነበር፤ ጨዋታ ካልሆነና ቀስ ብላ ተራምዳ ከሆነ ልጅቷ መስመሩን ትሻገራለች። ውርወራዋ ድርቆሽ እንደሚጭን ሰው ውርወራ ነበር።

የኦርተን ቀን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዋለ። አዳራሹ ጢም አለ፤ ዶክተር ቫንደርፕሉግ ሳይቀሩ መጥተው፣ መቼ ማጨብጨብ እንደሚገባ ሚስታቸውን እያዩ ያጨበጭባሉ። የኦርተን አሰልጣኝ ነገሩን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ጆሊንን ብቻዋን መስመሩ ላይ ትቷት አምስቱንም ልጆቹን ቅርጫቱ ሥር እንደ ዶሮ አጉሯል። የቬልድዋይክ አጥቂ ክሪስታ ቫን ሮክል በእነዚያ ሁሉ ክርኖች መሀል አንዲት ኳስ ለማስገባት አፍንጫዋ ደማ። ጆሊን በበኩሏ ትነጥቃለች፤ ቃጭሉ ይጮኻል፤ መስመሩ ጋ ትቆማለች። የኦርተን ተማሪዎች ተነሥተው እንደ ላም ይጮኹባት ጀመር። እረፍት ሲሆን ቬልድዋይክ በዘጠኝ ነጥብ ይመራ ነበር፤ ከኋላ ሆኖ።

በመልበሻው ክፍል ማርላ ትልቅ ንግግር አልነበራትም። ውኃ ጠጡ፣ ሽንት ቤት ሂዱ፣ ክሪስታ ጥጥ አፍንጫሽ ውስጥ አድርጊ አለቻቸው። ተመልሳ ስትወጣ ሰዉ ቦታ እየተለዋወጠ ነበር። የተከላካይ ዘመዶች ትራሳቸውን በብብታቸው ይዘው ወዲያ ይሄዳሉ፣ የአጥቂ ዘመዶች ወዲህ ይመጣሉ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ግን አንድ ሰው ብቻ ሳይነሣ ቀርቷል።

ወይዘሮ ዶሪስ ቃጭላቸውን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ ቁጭ ብለዋል። ቡድኖቹ ቅርጫት ተለዋውጠዋልና፣ ያሉበት ቦታ አሁን ቬልድዋይክ የሚያጠቃበት በኩል ሆኗል። የአጥቂ ዘመዶች ደርሰው ሲያዩአቸው ደነገጡ። አሟቸው ነው አሉ፤ ደርቀው ቀርተዋል ያለም አለ። ጡረታ የወጣች ነርስ ክንዳቸውን ይዛ የደም ሥራቸውን ፈለገች።

«እጄን ልቀቂ» አሏት ወይዘሮ ዶሪስ። «ብሞት እነግርሽ ነበር።» ከዚያም አስነጠሱ።

ጨዋታው ቀጠለ። ገና እንደ ተጀመረ ጆሊን ከኦርተን ልጅ ኳስ ነጠቀች፤ ማርላም እንደ ልማዷ ቃጭሉን ጠበቀች። አልጮኸም። ጆሊን እየሮጠች ዘወር ብላ በመከላከያው በኩል አክስቷን ፈለገች፤ የሉም። መስመሩ ላይ ደርሳ ቆመች። የኦርተን ተማሪዎች እንደ ላም ጮኹ። በዚህ ጊዜ ከማዶ፣ ከአጥቂ ዘመዶች መሀል፣ ቃጭሉ በዝግታ መታ፤ ለነጠቃ እንደሚጮኸው ሳይሆን፣ ላሞች ለመታለብ ወደ በረት ሲጠሩ እንደሚመታው። ጆሊን ቀና አለች። አክስቷን አየች።

ማርላ ጉልበቶቿን ገጥማ ታያት ነበር። ልጅቷ መጀመሪያ ቀኝ እግሯን መስመሩ ላይ አደረገች፣ የሚነዝር እንደሆነ እንደምትፈትን። አልነዘረም። ተሻገረች። ማንም አልጠበቃትም፤ እስከ ቅርጫቱ ደጃፍ ሄዳ፣ በሁለት እጇ ድርቆሽ እንደሚጫን አድርጋ ወረወረችው። ኳሱ ከቅርጫቱ ሰሌዳ በላይ አልፎ የኮሌጁ ሙዚቀኞች መሀል ወደቀ፤ የትልቁን ጥሩምባ ሆድ መትቶ ታላቅ ድምፅ አወጣ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የኦርተን አሰልጣኝ ዓይኑን ጠረገ። ብሬንት ነጭ ሰሌዳው ላይ አንድ ነገር ጻፈ።

ጆሊን ቀልታ ወደ ማርላ ዞረች፤ የምታስወጣት መስሏት ነበር። ማርላ ግን፣ «ጥሩምባውን አግኝተሻል፤ ቅርጫቱ ከሱ ዝቅ ብሎ ነው ያለው» አለቻት።

በሚቀጥለው ጊዜ ጆሊን መስመሩ ላይ አልቆመችም። እያነጠረች ሄዳ፣ ከሰሌዳው ላይ ገጭ አድርጋ አስገባችው። መልክ አልነበረውም፤ ገባ ግን። በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነጥብ ናት። ከዚያ በኋላ ብዙም ማግባት አላስፈለጋትም። የኦርተን አሰልጣኝ ደንግጦ ሁለት ልጆች ላከባት፤ ሁለቱ ወደ እሷ ሲሄዱ ክሪስታ ቅርጫቱ ሥር እንደ ሰው የምትቆምበት ቦታ አገኘች፤ ጥጧን በአፍንጫዋ እንደ ወተፈች አከታትላ አገባች። ጨዋታው ሲያልቅ ቬልድዋይክ በሰባት ነጥብ አሸነፈ። ዶክተር ቫንደርፕሉግ ወርደው የማርላን እጅ ጨበጡ፤ ቡድኑ በእሷ እጅ እንደሚቆይ፣ በጥርጣሬ እንዳላዩአት፣ ቦውሊንጉንም እንዳትረሳ ነገሯት። ብሬንት ሰሌዳውን እያበሰ ወጣ።

ሰዉ ሲበተን ወይዘሮ ዶሪስ ትራሳቸውን ይዘው ወደ ሜዳው ወረዱ። ማርላ ልታመሰግናቸው አፏን ስትከፍት በእጃቸው ከለከሏት። ከርሞ ወደ ቦታቸው እንደሚመለሱ፣ ልብሳቸው ስፕሬይ ስፕሬይ እንደሚሸት፣ ልጅቷ ካገባች በኋላ ተመልሳ ለመከላከል መሮጧ ብቻ ደስ እንዳሰኛቸው ነገሯት። ከዚያ ወለሉ ላይ የቀረችውን ኳስ አዩ። ቃጭሉን ለማርላ አቀበሉ። ኳሷን አነሡ። ከመስመሩ ጀምረው በቤተ ክርስቲያን ጫማቸው ቀስ ብለው ተራመዱ፤ ቅርጫቱ ፊት ደርሰው ከጉልበታቸው ጎንበስ ብለው ከታች ወደ ላይ ወረወሩ።

ኳሷ ሰሌዳውንም አልነካች፤ መረቡንም አልነካች። ወርዳ ነጥራ፣ ተንከባላ ግድግዳው ሥር ቆመች።

ወይዘሮ ዶሪስ ጥቂት አዩአት። ከዚያ ፊታቸው ማርላ አይታው በማታውቀው አኳኋን ተፈታ።

«እንኳን ቆምኩ» አሉ። «ያን ጊዜም አትገባም ነበር።»

ቃጭላቸውን ተቀበሉና ወደ በሩ ሄዱ፤ ኮሪደሩን እስኪጨርሱ ድረስ፣ በየእርምጃቸው፣ ሲቃጨል ለማርላ ይሰማት ነበር።